ስለ ማጭድና ስለ ሠሪው



በዚህች የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ስለ ፋሲል ግንብ፣ ስለ ሰሜን ተራሮች፣ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍና ስለ ሌሎችም ታላላቅ ነገሮች ብዙ ተጽፏል። ጥሩ ነው። እኛ ከሳንጃና ከአካባቢዋ የመጣን እጩ መምህራን ተሰባስበን የመረጥነው ርእስ ግን ከየቤታችን ጣራ ሥር ተሰክቶ የሚኖር፣ ዋጋው ትንሽ፣ ሥራው ብዙ የሆነ መሣሪያ ነው። እሱም ማጭድ ነው። «ማጭድን ማን የማያውቀው አለና ነው የሚጻፍበት?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እውነት ነው፣ ማጭድን የማያውቅ የለም። ማጭዱን ማን እንደሚሠራው፣ የሠሪውስ ልጅ በክፍላችን ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ሲጠየቅ ግን መልሱ ቶሎ አይመጣም። ስለዚህ ነገሩን ከመሣሪያው ጀምረን ወደ ሰውየው ለመሄድ አስበናል።

በመጀመሪያ ከቃሉ እንነሣ። «ማጭድ» የሚለው ስም «አጨደ» ከሚለው ግስ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። በግእዝም ግሱ «ዐፀደ»፣ መሣሪያው «ማዕፀድ» ይባላል። በዚሁ መንገድ ከ«አረሰ» ማረሻ፣ ከ«ጠረበ» መጥረቢያ፣ ከ«ቆፈረ» መቆፈሪያ ይወጣል። አማርኛ የምናስተምር ሁሉ የመሣሪያ ስም አወጣጥን ከመጽሐፍ ብቻ ከምንቀዳ ይልቅ ተማሪው ከቤቱ ዕቃ እንዲጀምር ብናደርገው ትምህርቱ ቶሎ ይገባዋል።

ሰው ብረትን ከማወቁ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ያጭድ ነበር። በመካከለኛው ምሥራቅ ከመሬት ተቆፍረው የተገኙ፣ ከ10,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ማጭዶች ከእንጨት ወይም ከአጥንት በተሠራ እጀታ ላይ ስለታም የባልጩት ስንጣሪዎች በተርታ እየተተከሉ የተበጁ ናቸው። የዛሬው ማጭዳችን ጥርስ የዚያ የባልጩት ተርታ የልጅ ልጅ ነው ብንል ብዙ ማጋነን አይሆንብንም። በአገራችንም የብረት ነገር የቆየ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በግሪክ ቋንቋ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል ብረት፣ መጥረቢያና ሰይፍ ተጠቅሰዋል።

ብረቱ እንዴት ማጭድ ይሆናል?

ይህን ክፍል ረዘም አድርገን የምንጽፈው የሳይንስ መምህራን ለመሆን የሚሠለጥኑ ጓደኞቻችን እንዲጠቀሙበት ብለን ነው። የቀጥቃጭ ጎጆ መቸም ላቦራቶሪ ነው፤ በር ላይ ያልተጻፈበት ላቦራቶሪ።

በዛሬው ጊዜ ቀጥቃጩ ብረቱን ከድንጋይ አቅልጦ አያወጣም፤ ውድቅዳቂ ብረት ይገዛል። ከሁሉም የሚወደደው የመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ከጠፋ ቶንዲኖም ይሠራል፣ ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ልዩነቱ ያለው በውስጣቸው ባለው የካርቦን መጠን ላይ ነው። ባሌስትራ ከመቶ ግማሽ ያህል ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ካርቦን ያለው ሲሆን፣ ተራው የቤት መሥሪያ ቶንዲኖ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው ያለው። ግማሽ ከመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንዱን ብረት ስለት የሚይዝ፣ ሌላውን ቶሎ የሚዶለዱም የሚያደርገው ይኸው ትንሽ ነገር ነው። ቀጥቃጩ ካርቦን የሚለውን ቃል አያውቀው ይሆናል፤ ብረቱን በመዶሻ ጫፍ መታ አድርጎ ድምፁን ሲሰማ ግን የትኛው እንደሆነ ይለየዋል።

ከሰሉ ይቀጣጠላል። ረዳቱ፣ ብዙ ጊዜ ልጁ፣ ወናፉን ይይዛል። ወናፍ ከፍየል ቆዳ የተሠራ ጥንድ አቁማዳ ነው፤ አንዱ ሲነፋ ሌላው አየር ይስባል፣ ስለዚህ ንፋሱ አይቋረጥም። አየሩ የሚወጣው ከሸክላ በተሠራ አፍ በኩል ነው፤ እሳቱ አጠገብ ብረት ቢያደርጉት ይበላሽ ነበር፣ ሸክላ ግን ይችለዋል። አየር በበዛ ቁጥር ኦክሲጅን ይበዛል፣ ኦክሲጅን ሲበዛ ከሰሉ አብልጦ ይነዳል። ይኸ ሁሉ በስድስተኛና በሰባተኛ ክፍል በጠመኔ የምናስተምረው ነገር አይደለምን?

ቀጥቃጩ ቴርሞሜትር የለውም። ሙቀቱን የሚለካው በቀለም ነው። ብረቱ መጀመሪያ ደብዛዛ ቀይ፣ ቀጥሎ ደማቅ ቀይ፣ ከዚያም ብርቱካናማና ቢጫ ይሆናል። የሚቀጠቀጠው ብርቱካናማ ሲሆን ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ መምታት ብረቱን መሰንጠቅ ነው። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚለው ተረታችን ከዚሁ ጎጆ የወጣ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እንጨምር። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር አንድ ማግኔት ይዞ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ቢሄድ ይህን በዓይኑ አይቶ ይመለሳል።

ባሌስትራው በመሮ ለሁለት ወይም ለሦስት ይሰነጠቃል። ከዚያ በጉጠት ተይዞ፣ መስፉ ላይ እየተመታ ይሳባል፣ ይቀጥናል፣ ቀስ በቀስም ይቆለመማል። ቁልምሙ ዝም ብሎ ለመልክ አይደለም። አጫጁ እፍኝ ሙሉ አገዳ በግራ እጁ ጨብጦ ማጭዱን ወደ ራሱ ሲስብ አገዳው እንዳያመልጥ ሰብስቦ የሚይዘው ቁልምሙ ነው። ጥርሶቹ በመሮ ወይም በሞረድ ይወጣሉ። ጥርስ ያለው ማጭድ እንደ መጋዝ ይሠራል፤ ኀይሉ ሁሉ በጥቂት ሹል ነጥቦች ላይ ስለሚያርፍ ግፊቱ ይበረታል። ደረቅና ለስላሳ የጤፍ አገዳ ከለስላሳ ስለት ሥር እየተንሸራተተ ያስቸግራል፣ ጥርሱ ግን ይይዘዋል።

በመጨረሻ የጋለው ማጭድ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ጭስስ ሲል የሚሰማው ድምፅ ለልጆች ጨዋታ ነው፣ ለቀጥቃጩ ግን የሥራው ሁሉ ፈተና ነው። በድንገት የቀዘቀዘ ብረት ይጠነክራል፤ እጅግ ከጠነከረም እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና በጥቂቱ ያሞቀዋል፣ ጥንካሬውን ትንሽ ይቀንስለታል። መቼ እንደሚያወጣው የሚነግረው መጽሐፍ የለም። ዓይኑና የአባቱ ትምህርት ናቸው። የማጭዱ ጭራ ግሎ ከእንጨቱ እጀታ ውስጥ ይሰካል፤ እንጨቱን ራሱ እያቃጠለ ቦታውን ያበጃል። ወይራ ከተገኘ እጀታው ከብረቱ በላይ ይኖራል።

ሰሊጥና ማጭድ

የሳንጃ አገር ቆላ ነው። ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ደጋዎቹ ጓደኞቻችን ማጭድ ሲባል የሚታያቸው የኅዳር ጤፍና ገብስ ነው። እኛ ዘንድ ግን ማጭድ ሰሊጥና ማሽላ ነው። በተለይ ሰሊጥ።

ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ እህል ነው። ፍሬው ያለበት ቋት ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ ይደርሳል፤ የታችኛው ሲደርቅ የላይኛው ገና አረንጓዴ ነው። የደረቀው ቋት ደግሞ አፉን ይከፍትና ፍሬውን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል። ሁሉም እስኪደርስ የጠበቀ ገበሬ ከእርሻው ላይ የሚያነሣው ባዶ አገዳ ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር በማጭድ ይታጨዳል፣ ይታሰራል፣ ነዶው ቆሞ ተደጋግፎ እንዲደርቅ በሂላ ይደረጋል። ሁለት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይመታል። ሠራተኛው ሲያጭድም ሲያስርም ነዶውን የሚይዘው እንደ ሕፃን ነው፤ ቢያራግፈው ገንዘብ ነው የሚፈሰው። በአርሲና በባሌ የስንዴ እርሻ ላይ እንደ ልቡ የሚሄደው ኮምባይነር በእኛ ሰሊጥ ላይ ብዙ ያልሠለጠነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመሆኑም በየዓመቱ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከደጋው ወደ መተማ፣ ወደ አብደራፊ፣ ወደ ሁመራና ወደ እኛ አገር ይወርዳል። በአካባቢው አነጋገር ሳሉግ ይባላሉ። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ለመቀጠል ደብተርና ጫማ መግዣ ፈልገው የሚመጡ ተማሪዎች ናቸው። ወባው፣ ሙቀቱ፣ የሜዳ ላይ መኝታው ብዙ ነው። የሳሉግ ጓዝ ጥቂት ነው፤ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ የውኃ መያዣ፣ አንድ ማጭድ። ማጭዱ ከዶለዶመ የቀን ሥራው ይጎድላል፣ ሥራው ሲጎድል ክፍያው ይጎድላል። በአጨዳ ዋዜማ ገበያ ላይ ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚታየው ከባለ ሱቁ ዘንድ ብቻ አይደለም፣ ከቀጥቃጩም ፊት ነው። ጥርስ የሚያስወጣ፣ እጀታ የሚያስለውጥ፣ አዲስ የሚገዛ ሁሉ ወረፋ ይይዛል። በዚያን ሰሞን ቀጥቃጩ የአገሩ ዋና ሰው ነው። የሚያሳዝነው፣ ሰሞኑ ማለፉ ነው።

በየቤቱ እርሻ ደግሞ አጨዳ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ወንፈል አለ፣ ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ ተባብሎ ቀን በቀን የሚመላለሱበት። ደቦ አለ፣ ባለቤቱ ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ አስጋግሮ ሰፈሩን የሚጠራበት። አጫጆቹ ተርታ ይዘው ይገባሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ማጭዱም በዜማው ልክ ይሄዳል። ዜማው ለደስታ ብቻ አይደለም፣ የሥራውን ፍጥነት አንድ የሚያደርገው እሱ ነው። ሰነፉም በተርታው መሀል ሆኖ ወደ ኋላ መቅረት ያፍራል። በዓል በሚከበርበት ቀን ማጭድ አይነሣም። ማጭድ ለሰው ሲያቀብሉም እጀታውን ወደ ተቀባዩ ማድረግ የደንብ ነው። ከመካከላችን ሁለቱ በግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ላይ የማጭድ ጠባሳ አላቸው፤ ሲያሳዩም በኩራት ነው።

ማጭድ ከእርሻም ውጭ ብዙ ትርጉም ተሸክሟል። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 2 ጦር ተቀጥቅጦ ማጭድ መሆኑ የሰላም ምልክት ነው። በኢዩኤል ትንቢት ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ማጭዱ ጦር ይሆናል። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 14 ስለታም ማጭድ የፍርድ ቀን መሣሪያ ሆኖ ይታያል። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ማጭድና መዶሻ ከ1915 ዓ.ም. ገደማ አንሥቶ ሶቭየት ኅብረት እስከ ፈረሰችበት እስከ ታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ድረስ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ነበር። በደርግ ዘመንም በአዲስ አበባ አደባባይ ተሰቅሎ ታይቷል። መዶሻው የወዝአደሩ፣ ማጭዱ የገበሬው ነው ይባል ነበር። እኛ ግን አንድ ነገር ታየን። ማጭዱን የሠራው እኮ መዶሻው ነው። በእኛ አገር መዶሻ የጨበጠው ሰው ወዝአደርም ገበሬም ሳይባል፣ ሌላ ስም ተሰጥቶት ኖሯል።

ጃቫ የምትባለው ደሴት

ወደዚያ ስም ከመድረሳችን በፊት ራቅ ወዳለ አገር ሄደን እንመለስ፤ ማነጻጸር ነገሩን ያጠራዋልና። ጃቫ ከኢንዶኔዢያ ደሴቶች አንዷ ናት፣ ሕዝቧም ሩዝ አምራች ነው። በዚያ አገር ሴቶች ሩዝ የሚያጭዱበት አኒ አኒ የሚባል መዳፍ ውስጥ የምትደበቅ ትንሽ ስለት ነበረች። ከእንጨት ቁራጭ ላይ የተተከለች ምላጭ ናት ቢባል ይቀርባል። በእሷ ሩዙን ዛላ በዛላ ይቆርጡታል። ትልቅ ስለት ያልያዙበትን ምክንያት ሲናገሩ ዴዊ ስሪ የተባለችው የሩዝ እመቤት እንዳትደነግጥ ነው ይላሉ። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ብዙ እጅ ስለሚፈልግ መሬት የሌላት ድኻ ሴት ሁሉ አጭዳ ድርሻዋን ይዛ ትገባ ነበር። በ1960ዎቹ አገዳው አጭር የሆነና ብዙ ምርት የሚሰጥ አዲስ የሩዝ ዘር ሲስፋፋ፣ አዝመራውን ቆሞ ሳለ የሚገዙ ነጋዴዎችም ሲበዙ፣ ማጭድ የያዙ ጥቂት ወንዶች የእነዚያን ሴቶች ቦታ ያዙ። አንዲት ትንሽ ስለት ከእጅ ስትወጣ ከእርሷ ጋር የወጣው እንጀራ ነው። የሰሊጥ ማጨጃ መኪና በደንብ ተሠርቶ ወደ ቆላችን የገባ ዕለት ሳሉጉ ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ማሰብ የሚገባ ይመስለናል።

ጃቫን ያነሣንበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ጃቫዎች ክሪስ የሚባል፣ ብዙውን ጊዜ ስለቱ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ጩቤ አላቸው። ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ በበዓል ቀን ይታጠቁታል፣ በዓመታቸው የመጀመሪያ ወር በሥርዓት ያጥቡታል። ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. ከሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ መሆኑን አስታውቋል። ክሪስን የሚሠራው ቀጥቃጭ እምፑ ይባላል፣ ቃሉም የክብር ስም ነው። ብረትን በእሳት የሚለውጥ ሰው ከተራ ሰው የበለጠ ምሥጢር ያውቃል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ያከብሩታል።

በእኛም አገር ብረትን በእሳት የሚለውጥ ሰው ከተራ ሰው የበለጠ ምሥጢር ያውቃል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ይሸሹታል። እምነቱ አንድ ነው፣ ፍርዱ ግን ሁለት ሆነ።

ቀጥቃጩ

ቃሉን ሳንጽፍ ማለፍ አይቻልም፣ ሁላችንም ሰምተነዋልና። ቡዳ ይባላል። ሰው በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ከእሱ ጋር ጋብቻ የለም። የሚስቱን ምጣድና ጀበና ገዝተን እንጀራችንን እንጋግራለን፣ ቡናችንን እናፈላለን፤ እሷን ግን ቤት ገብተሽ ጠጪ የሚላት ጥቂት ነው። ቀጥቃጭና ጠይብ የሚሉት የሙያ ስሞች እንኳ ከስድብ ተቆጥረዋል። ጎራዴና ሾተል የታጠቀው ጀግና ተብሎ ሲወደስ ኖሮ፣ ጎራዴውንና ሾተሉን ያበጀው ሰው ከደጅ ቆመ። ይኸ እንዴት ያለ ሒሳብ ነው?

ይህ የእኛ ብቻ ነውር አይደለም። በኦሮሞም ሆነ በኮንሶ፣ በሌላውም የአገራችን ክፍል ባለ እጆች ተለይተው የኖሩበት ታሪክ አለ። ነገር ግን ሁሉም የየደጁን ይጥረግ፣ እኛ ስለ ጎንደር እንናገር። በጎንደርና በዙሪያዋ ብረት በመቀጥቀጥና ሸክላ በመሥራት የታወቁት በተለይ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት ቤተ እስራኤሎች በ1600ዎቹ መጀመሪያ እስከ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ድረስ ከነገሥታቱ ጋር በተደረጉት ጦርነቶች ተሸንፈው ብዙዎቹ ርስታቸውን አጡ። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ከመኖር በቀር ምን ምርጫ አለው? ጎንደር ከተማ ስትመሠረትና ግንቦቹ ሲሠሩም በግንበኝነትና በአናጢነት አገልግለዋል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። መጀመሪያ መሬቱ ተወሰደ፣ ከዚያ እጁ ሥራ ለመደ፣ በመጨረሻ ለሥራው መጥፎ ስም ወጣለት። የቡዳ ወሬ ከዓይኑ የመጣ ሳይሆን ከርስት ነገር ጋር የተያያዘ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ጎረቤትን ከርስት ለማራቅ ጅብ ነው ከማለት የበለጠ ቀላል ዘዴ የለም።

ከጎንደር በስተሰሜን ያለችው ወለቃ የዚህ ምስክር ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ብዙ ቤተ እስራኤሎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ተጉዘው ከዚያ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በጉዞውና በመጠለያው ያለቁትም በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ሄዱ። የሄዱት ቀጥቃጮች ሄዱ። ስሙ ግን አልሄደም። ዛሬ በየገበያችን ማጭድ የሚቀጠቅጠው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያንኑ ስም ወርሶ ተቀምጧል። ይህም ነገሩ ከዘርም ከሃይማኖትም እንዳልነበረ የሚያሳይ ይመስለናል፤ ስሙ የተለጠፈው መዶሻው ላይ ነው።

መከልከሉን በተመለከተ ሕጉ አልዘገየም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችንና የአገር ልጆችን ሰብስበው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ ለባለ እጅ የሰጡት ስፍራ ትልቅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስት ለሌለው ሁሉ በመሬት የመጠቀም መብት ሰጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። ከምኒልክ አዋጅ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። አዋጁ በአደባባይ ተነግሯል፣ ስድቡ ግን የሚነገረው በምሳ ሰዓት የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከመምህር በቀር የሚደርስ ሹም የለም።

ከመካከላችን ሁለታችን አብረነው የተማርነው አንድ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤቱን አንጠቅስም። አባቱ ገበያ የሚያወጣውን ማጭድ በደርዘን እየቆጠረ፣ የከሰሉንና የብረቱን ዋጋ ከሽያጩ ላይ እየቀነሰ ስላደገ በቃል ሒሳብ የሚደርስበት አልነበረም። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ክፍል ውስጥ ታማ ወደቀች። ወባ ይሁን ረኀብ ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉም ዞሮ እሱን አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዴስኩ ላይ ብቻውን ሆነ። መምህሩ ነገሩን ለማብረድ ብለው ይመስለናል፣ ወደ ኋላ ጥግ ወስደው አስቀመጡት። ሰደበ የተባለ ተማሪ የለም፣ ተቀጣ የተባለም የለም። ልጁ አምስተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ቀረ። ዛሬ የአባቱን ወናፍ ይዟል። ወናፍ መያዝ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፣ ከላይ እንዳየነው ብልሃት የሞላበት ሥራ ነው። የሚያሳፍረው ሌላ ምርጫ እንዳይኖረው መደረጉ ነው። ያንን ያደረገው ደግሞ ሰይጣን አይደለም፣ የመቀመጫ አደላደል ነው።

በክፍል ውስጥ

እኛ ነገ ተመድበን ስንሄድ ይህ ልጅ በሌላ ስም ከፊታችን ይቀመጣል። ምን እናደርጋለን? ተነጋግረን የደረስንበትን እናካፍላችሁ፤ መምህሮቻችን ቢያርሙን ደስ ይለናል።

ትምህርቱ በቡዳ መጀመር የለበትም። «ዛሬ ስለ ቡዳ እንማራለን» ያለ መምህር ክፍሉ ሁሉ ወደ አንድ ልጅ እንዲዞር ማዘዙ ነው። የሚጀመረው በማጭዱ ነው። ማጭዱን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፣ ቁልምሙን በሲባጎ አስለክቶ፣ ሲባጎውን በማስመሪያ ላይ ዘርግቶ ርዝመቱን ማስወጣት ለአራተኛ ክፍል ጥሩ የሒሳብ ትምህርት ነው። በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ይቆጠር። የመሣሪያ ስሞች ይዘርዘሩ። ባሌስትራና ቶንዲኖ ተለይተው ይታዩ። ከዚህ በኋላ «ይህን ለመሥራት ሰው ምን ምን ማወቅ አለበት?» ተብሎ ተማሪዎቹ ሰሌዳው ላይ ያጽፉ። እሳት፣ አየር፣ ቀለም፣ ድምፅ፣ ጊዜ፣ ዋጋ እያሉ ሲሄዱ ሰሌዳው ይሞላል። ሰሌዳው ከሞላ በኋላ ስድቡን የሚያነሣ ተማሪ ቢኖር መልሱ ከመምህሩ አፍ ሳይሆን ከሰሌዳው ላይ ይነበባል።

ቀጥቃጩን ክፍል ድረስ መጋበዝ ይቻላል ወይ የሚለው አከራክሮን ነበር። ገሚሶቻችን ይቻላል አልን። ሌሎቹ ግን እሳቱና መስፉ ያሉት ጎጆው ውስጥ ነውና ተማሪው ወደዚያ ይሂድ፣ ሰው በገዛ ቤቱ ሲያስተምር ጌታ ነው አሉ፤ ይህኛው ሐሳብ አሸነፈ። ሲኬድም በገበያ ቀን ዋዜማ አይሁን፣ ሥራ ይበዛበታልና። ተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ወናፉን ይሞክሩት፤ ቀላል የሚመስለው ነገር ክንድ እንዴት እንደሚያዝል ያኔ ያውቁታል። የቀጥቃጩ ልጅ ከተማሪዎቹ መካከል ካለ ግን አስቀድሞ ለብቻው ጠርቶ መጠየቅ ግድ ነው። አልፈልግም ካለ ወደ ሌላ ቀጥቃጭ መሄድ ነው፣ ወይም መተው ነው። እሺ ካለ ደግሞ ጓደኞቹን ወናፍ አያያዝ የሚያሳያቸው እሱ ይሁን። ስለ መቀመጫውም ቢሆን ሁሉም ተማሪ በየወሩ ቦታ የሚለዋወጥበት ደንብ ከመጀመሪያው ቀን ካለ ማንም ተለይቶ ጥግ አይቀርም፣ ለምንም ማብራሪያ አያስፈልግም።

ማጭዱን ወደ ክፍል የሚያመጣ መምህር ጥርሱን በጨርቅ ጠምጥሞ ይያዝ፣ ከትምህርቱም በኋላ ቆጥሮ ይረከብ። ሲገዛም ከነጋዴ ሳይሆን ከሠሪው እጅ ይግዛና ከምን ብረት እንደተሠራ ይጠይቀው። ባሌስትራ ከሆነ የየትኛው መኪና እንደነበረ እንኳ የሚነግሩ አሉ።